የሸክላ ሠሪዎቹን ስም ሰሌዳ ላይ እንጻፍ ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። የዓምዱ አዘጋጅ በሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በሰሜን ሸዋ በአንዲት ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ፤ የታሪክ ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስናስተምር፣ በፖላንድና በጀርመን ያሉ ተማሪዎች ድሮ በከተማቸው ይኖሩ የነበሩትን፣ በጦርነቱ ያለቁትን አይሁዶች ስም እየፈለጉ፣ ቤታቸውን እየለዩ መታሰቢያ እንደሚያደርጉላቸው ለልጆቹ ነገርኳቸው። አፍታም ሳይቆዩ «የኛስ ከተማ?» አሉኝ። ከከተማችን ዳር፣ ከወንዙ በላይ፣ ሰዉ «የጠይቦች ሰፈር» የሚለው ቦታ አለ። ሽማግሌዎቹ «እነሱ እኮ ቤተ እስራኤል ናቸው» ይላሉ፤ ጮክ ብለው ግን አይደለም። አሁን የቀረው ጥቂት ቤተሰብ ነው፤ ሌላው አዲስ አበባ ገብቷል። ልጆቹ «ለጠፋው ማኅበረሰባችን መታሰቢያ» የሚል ሰሌዳ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሊያቆሙ፣ ከሥሩም የቤተሰቦቹን ስም ሊደረድሩ ተነስተዋል። ርእሰ መምህሩ ፈቅደዋል፤ ጣውላውም ተገዝቷል። እኔ ግን ሆዴ እየፈራ ነው፤ ለምን እንደፈራ ራሴም በቅጡ አላወቅሁትም። ምን ይመክሩኛል?

የክበቡ መምህር

መልስ፦

መምህር፣ ሆድህ የፈራው በከንቱ አይደለም። ጣውላው ለጊዜው ይቀመጥ፤ ምስጥ እንዳይበላው ብቻ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አኑሩት።

ልጆችህ ያደነቁት ነገር የሚደነቅ ነው፤ ስለዚህ እሱን አስቀድመን በደንብ እንየው። ሉብሊን የምትባል የፖላንድ ከተማ አለች። ከጦርነቱ በፊት ከነዋሪዎቿ ሲሶ ያህሉ፣ 43 ሺህ ገደማ ሰው፣ አይሁድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ጸደይ ናዚዎች አብዛኛውን በባቡር እየጫኑ ቤውዜትስ ወደሚባለው የግድያ ካምፕ አጋዙት። ከተማዋ ዳር ላይም ማይዳኔክ የሚባል ሌላ ካምፕ ነበር። በዚያች ከተማ ሄንዮ ዢቶሚርስኪ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1933 የተወለደ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ በየዓመቱ ፎቶ ያስነሳው ነበር፤ የመጨረሻው ፎቶ የተነሳው በሐምሌ 1939 ነው፤ ባንክ ቤት ደረጃ ላይ ቆሞ። መስከረም 1 ቀን በነሱ አቆጣጠር አንደኛ ክፍል ሊገባ ነበር፤ ጦርነቱ የጀመረው በዚያው ዕለት ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ማይዳኔክ ውስጥ ተገደለ።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሉብሊን ተማሪዎች በየዓመቱ ሚያዝያ 19 ቀን በነሱ አቆጣጠር ለሄንዮ ደብዳቤ ይጽፋሉ። በስሙና ይኖርበት በነበረው አድራሻ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይከቱታል። ደብዳቤው «ተቀባዩ አልታወቀም» ተብሎ ማኅተም ተመትቶበት ለላኪው ይመለሳል። ልጁ ይህን ተመላሽ ፖስታ በእጁ ሲይዝ ምን እንደሚሰማው ላንተ አልነግርህም፤ መምህር ነህና ታውቀዋለህ። እኔ በማስተማር ዘመኔ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት አላየሁም፤ ወጪው ደግሞ የአንድ ቴምብር ዋጋ ነው።

ጀርመን ውስጥ የተጀመረው ሌላው ነገር ደግሞ የናስ ድንጋዮቹ ናቸው። ጉንተር ዴምኒግ የሚባል አርቲስት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ 10 ሳንቲ ሜትር በ10 የሆነች የናስ ልባጥ ያላት ድንጋይ፣ ሟቹ ይኖርበት በነበረው ቤት ደጃፍ፣ በእግረኛው መንገድ ላይ ይተክላል። «እዚህ ይኖር ነበር» ትልና ስሙን፣ የተወለደበትን ዓመት፣ የተወሰደበትንና የሞተበትን ታስከትላለች። እ.ኤ.አ. በ2023 እነዚህ ድንጋዮች 100 ሺህ ሞልተዋል። ብዙ ጊዜ የሰውየውን ታሪክ ከመዝገብ ቤት ቆፍረው የሚያወጡት የሰፈሩ ተማሪዎች ናቸው፤ ናሱ ሲጠቁርም ጨርቅ ይዘው ወጥተው የሚወለውሉት እነሱ ናቸው። ይህም ሆኖ ሁሉም አልወደደውም። የሙኒክ ከተማ ምክር ቤት ድንጋዮቹ በሕዝብ መንገድ ላይ እንዳይተከሉ ከልክሏል። ከተቃወሙት አንዷ ከዚያ መከራ የተረፉት የከተማዋ የአይሁድ ማኅበረሰብ መሪ ሻርሎተ ክኖብሎህ ናቸው፤ የሟቾች ስም በእግር አይረገጥም ነው ያሉት። ይህንን ለልጆችህ ንገራቸው። መታሰቢያ የሚደረግለት ወገን ራሱ «እንዲህ አይሁን» የሚልበት ጊዜ አለ፤ ሲልም ይሰማል።

አሁን ልብ በል። እዚያ ስም መጻፍ ክብር የሆነው ለምንድን ነው? በፖላንድ ከነበሩት 3.3 ሚሊዮን አይሁዶች 3 ሚሊዮን ያህሉ ተገድለዋል። ብዙዎቹ መቃብር የላቸውም፤ የሚያለቅስላቸው ዘመድም አብሮ አልቋል። የመቃብር ድንጋዮቻቸው ሳይቀሩ እየተነቀሉ መንገድ ተነጥፎባቸዋል። ስለዚህ ስሙን መልሶ ደጃፉ ላይ ማኖር ከተወሰደባቸው ሁሉ አንዲቷን ነገር መመለስ ነው። ስሙ ስለተጻፈ ነገ ገበያ ላይ የሚሰደብ ልጅ ግን የለም።

የኛ ነገር ከዚህ ይለያል፤ እንዲያውም አገራችን ውስጥ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም።

ጎንደር ሂድ። አምቦበር፣ ወለቃ፣ ደምቢያ፣ ወገራ፣ ስሜን ውስጥ ቤተ እስራኤል የነበሩባቸው መንደሮች ዛሬ ያለ እነሱ ቀርተዋል። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል 8 ሺህ ያህል ሰው በድብቅ ወደ እስራኤል ተወሰደ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ፣ ደርግ ሊወድቅ ሰሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጥ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጣ። በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ 4 ሺህ ገደማ ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ለነሱ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እነዚህ ሰዎች ከመንደሩ ጠፉ እንጂ ከምድር አልጠፉም። የወለቃ ተማሪ መታሰቢያ ማድረግ ቢያምረው ስልክ ደውሎ «እማማ፣ ቤታችሁ የትኛው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ልጆቻቸውም ለጉብኝት እየመጡ የአያቶቻቸውን መቃብር ይፈልጋሉ።

ሸዋ ግን ሦስተኛው ነው። እዚህ የጠፋ የለም። የተደበቀ ነው ያለው።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842፣ ሸዋ ውስጥ የነበረው ሚሲዮናዊ ክራፍ፣ ከአንኮበር ብዙም ሳይርቁ ተለይተው ስለሚኖሩ፣ ሕዝቡም ስለሚፈራቸው «ጠቢባን» በማስታወሻው ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪካቸው በአብዛኛው ያለው በየቤቱ ነው። ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ሆነው ኖሩ። አዲስ አበባ ስትቆረቆርና ስትሰፋ የእጅ ባለሙያ ይፈለግ ነበርና ብዙዎቹ ወደዚያ ሄዱ፤ ዛሬ ቀጨኔ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ሐረጋቸውን ከሰሜን ሸዋ የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ዛሬ በግልጽ «ቤተ እስራኤል ነን» ይላሉ። አንዳንዶቹ ክርስቲያን ነን ይላሉ፤ ናቸውም። አንዳንዶቹ ደግሞ በአደባባይ አንድ፣ በጓዳ ሌላ ሆነው ኖረዋል፤ ይህም የቤታቸው ጉዳይ ነው።

ለምን ተደበቁ? መጽሐፍ አያስፈልገኝም፤ እኔ ያደግሁት አንኮበር ዙሪያ ነው። እናቴ ምጣድ ልትገዛ ገበያ ስትወጣ አብሬያት እሄዳለሁ። ሸክላ ሠሪዎቹ የሚቀመጡት ከሌላው ሻጭ ራቅ ብለው፣ ከበጉ ተራ ጀርባ ነው። እናቴ ምጣዱን በግራ እጇ አንጠልጥላ በቀኝ ጣቷ አንጓ ታንኳኳዋለች፤ ድምፁ ከጠራ ደህና ነው፣ ከታፈነ ስንጥቅ አለው። አገላብጣ ታየዋለች፣ ታሽተዋለች። ሸክላ ሠሪዋ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ ጥፍሯ ሥር የገባው ጭቃ ደርቆ ነጥቷል። ዋጋ ይቆረጣል፣ ሳንቲሙ መሬት ላይ ይቀመጥላታል እንጂ እጇ ላይ አይሰጣትም። ከዚያ እናቴ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የታናሽ ወንድሜን ፊት ትሸፍናለች፤ ሴትየዋ እንዳታየው። ቤት ስንገባ ምጣዱ በጎመን ዘር ይሟሻል። በማግስቱ እንጀራው ይጋገርበታል፤ ያው የተሸፈነው ልጅ የመጀመሪያውን ትኩስ እንጀራ ይበላል።

ቡዳ ይሏቸው ነበር፤ ይሏቸዋል። ጋኑ፣ እንስራው፣ ጀበናው፣ ድስቱ፣ አክምባሎው፣ ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ጋቢው ሁሉ የነሱ እጅ ነው፤ ያለ እነሱ አንድ ቀን ማደር የማንችል ሰዎች ነን ዓይናቸውን የምንፈራው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እንዳይሰድቡ አዋጅ አስነግረዋል፤ ብረት የሚሠራውን ጠይብ እያሉ መሳደብን በስሙ ጠቅሰው ነው የከለከሉት። አዋጁ ተነገረ፣ ስድቡም ቀጠለ። መሬትም አልነበራቸውም፤ በሰው ርስት ላይ ጢሰኛ ሆነው፣ ሸክላ አፈሩን እንኳ ለምነው ነበር የሚቆፍሩት። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ብዙዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ የመሬት ባለይዞታ አደረጋቸው፤ ይህንን ስለ ደርግ የማወራው ክፉ ነገር ሁሉ ሳያስረሳኝ እናገራለሁ።

እንግዲህ ሰሌዳችሁን አስበው። በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በትልቅ ፊደል፣ የቤተሰብ ስም። የዚያ ቤተሰብ ልጅ ምናልባት ዘጠነኛ ክፍል ሐ ውስጥ ተቀምጣለች። አባቷ ከተማ ውስጥ የሰው ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ወንድሟ ለሠርግ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ የልጅቷ አባት «እነማን ናቸው?» ብሎ ዘር እያስጠየቀ ነው። እናንተ ደግሞ መልሱን ጣውላ ላይ ጽፋችሁ በር ላይ ሰቀላችሁለት። የሉብሊን ተማሪዎች የጻፉት የተገደለ ልጅ ስም ነው። ያንተ ልጆች የሚጽፉት ግን ጎረቤታቸውን ነው። ሆድህ የፈራው ይህንን ነው።

ታዲያ ይተው ወይ? አይተው። ልጆቹ የጠየቁት ጥያቄ ወላጆቻቸው ሊጠይቁ ያልደፈሩት ነው፤ ዝም ብታሰኛቸው ጥፋቱ ያንተ ይሆናል። አካሄዱን ግን እንለውጠው።

አስቀድመህ ራስህ ሂድ። ልጆቹን አሰልፈህ፣ ባነር አስይዘህ አይደለም፤ አንድ የሚያከብሯቸውን ሽማግሌ ይዘህ፣ ቡናና ስኳር ቋጥረህ። ቡና ሲፈላ ተቀመጥ። የምትጠጣበትን ስኒ አስታጥበህ ሳይሆን እንደቀረበልህ ጠጣ፤ ያስተውላሉ። ከዚያ ልጆቹ ምን እንዳሰቡ ሳትሸፋፍን ንገራቸውና «እናንተ ምን ትላላችሁ?» በል። «ተዉን» ካሉ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ፤ ሁለተኛ አማላጅ አትላክ። «ስማችንን ጻፉ፣ በቃን መደበቅ» የሚሉም አይጠፉም፤ ያኔ ግን አንድ ሰው ስላለ ሳይሆን ስማቸው የሚጻፈው ሁሉ፣ አዲስ አበባ ያሉት ጭምር፣ ተጠይቀው ይሁን። እኔ የምጠረጥረው ሦስተኛውን መልስ ነው፦ «ስማችንን ተዉት፤ ልጃችንን ክፍል ውስጥ የሚሰድቧትን አስቁሙልን።» እንዲህ ካሏችሁ መታሰቢያችሁ እሱ ነው፤ ከጣውላም ይከብዳል።

ከፈቀዱ ሥራውን አስመዝግቡ። ዘር ሳይነሳ የሚጠየቅ ነገር ሞልቷል። ሸክላ አፈሩ የሚወጣው ከየት ነው? ጥቁሩና ቀዩ በምን መጠን ይደባለቃል? ለምን የተሰበረ ሸክላ ተፈጭቶ ይጨመርበታል? ሲተኮስ እበትና ጭድ እንዴት ይደረደራል፣ ነፋስ ቢነሳስ? የብረት ሠሪው ወናፍ ከምን ቆዳ ይሠራል? ደግሞ ይህችን አደራ ጠይቁ፦ አፈሩ የሚቆፈርበት ቦታ ዛሬ በማን እጅ ነው? የሸክላ ሠሪ ሴቶችን ኑሮ የሚያጠብበው አንዳንዴ ይኸው ነው፤ አፈር ያለበት መሬት ታጥሮ፣ ወይም የአፈሩ ዋጋ ከእንስራው ዋጋ እኩል ሆኖ። ተማሪዎቹ ይህንን ለቀበሌው በጽሑፍ ቢያቀርቡ ለሠሪዎቹ ከመታሰቢያ የማያንስ ውለታ ነው።

አንዲት ሸክላ ሠሪ ትምህርት ቤት መጥታ እንድታሳይ ከጋበዛችሁ ክፈሏት። «ለልጆቹ ብለሽ» አይባልም። የእንግዳ መምህር አበል ከሚከፈልበት በጀት ይከፈላት፤ ወንበርም መምህራን ከሚቀመጡበት ይሰጣት። ልጆቹ እጃቸውን ጭቃ ውስጥ ይክተቱ። ጭቃውን መርገጥ ቀላል የሚመስላቸው ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያቸዋል።

የተጻፈው ወረቀት ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፣ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጥ። ቴሌግራም ላይ አይለቀቅ! ይህንን ለልጆቹ ደጋግመህ ንገር፤ የዛሬ ልጅ ያየውን ሁሉ ሳይለጥፍ እንቅልፍ አይወስደውም።

የአውሮፓውን አይሁዶች ነገር ደግሞ ለብቻው አድርጉት። ጥር 19 ቀን ዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1945 የአውሽዊትዝ ካምፕ ነፃ የወጣበት ዕለት ነው። በዚያ ቀን ልጆቹ እንደ ሉብሊኖቹ ለሄንዮ ደብዳቤ ይጻፉ፤ አማርኛም ይሁን። ሁለቱን በአንድ መድረክ ካቀላቀላችኋቸው የሚያዳምጠው ሰው ወይ የኛን ከመጠን በላይ ያገዝፈዋል፣ ወይ የነሱን ያቃልለዋል።

ጥያቄ፦

እትዬ ጤና ይስጥልኝ። ከመንዝ ነው የምጽፍልሽ። ልጄ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክበብ ገብታ ስለ ቤተ እስራኤል ሰምታ መጣችና «እማዬ፣ እኛስ ከነማን ነን?» አለችኝ። ባለቤቴ ሸማኔ ነው፤ አማቴ ቅዳሜ እሳት አታነድም፣ ለምን ሲሏት «ደክሞኛል» ትላለች። ልጄ ይህንን ሁሉ አገጣጥማ ይዛለች። ጎረቤታችን ደግሞ ነገሩ ጆሮው ገብቶ «ወረቀት የሚያስጨርስ ሰው አውቃለሁ፣ ትንሽ ገንዘብ ብቻ ነው፣ እስራኤል ትገባላችሁ» እያለ ባለቤቴን ይዞታል። ምን ልበላት? ምንስ ልበለው?

እናት

መልስ፦

እህቴ፣ ቀላሉን ላስቀድም። ለጎረቤታችሁ አንድ ሳንቲም እንዳትሰጡ። አንድ አገር ማንን እንደሚቀበል የሚወስነው የዚያ አገር መንግሥት በሕጉ ነው፤ ደላላ የሚሸጠው ወረቀት እሱን አያስለውጥም። የሸማኔ ቤተሰብ ገንዘብ የሚገኘው ክር በክር ነው፤ ለዚህ አይባክንም። ባለቤትሽ «አስቤበት እነግርሃለሁ» አይበል፤ «አልፈልግም» ይበልና ይዝጋው። ደላላ ለስላሳ መልስ ይወዳል።

የልጅሽ ግን ይከብዳል። አንቺ ልትመልሺላት አትችይም፤ የምታውቂው ስለሌለሽ ሳይሆን መልሱ የአማትሽ ስለሆነ ነው። እኔ ብሆን ልጅቷን አያቷ ዘንድ እልካት ነበር፤ ስልክ ሳትይዝ፣ ደብተር ሳትይዝ፣ ጥያቄም ሳትቋጥር። ቅዳሜ ሳይሆን በሌላ ቀን ሄዳ ጥጥ ትፍተልላት፣ ልቃቂቱን ትያዝላት። አሮጊቶቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚጠይቃቸው አይናገሩም፤ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ነው አፋቸው የሚፈታው። ምናልባት «ደክሞኛል» ትላትና ትተወዋለች። ያኔ ልጅሽ አያቷ ልትነግራት እንዳልፈለገች ዐውቃ ትመለስ። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ነገር ጠብቃ ያኖረች ሴት ቁልፉን ለማን እንደምትሰጥ የምትመርጠው ራሷ ናት።

ምናልባት ደግሞ ትነግራታለች። ብትነግራት አንቺ እንዳትደነግጪ፣ ባለቤትሽም እንዳይቆጣ። ልጅቷ ከሰማች በኋላ ምን ልሁን ብላ ትጠይቅሽ ይሆናል፤ ክርስትና የተነሳች ልጅ ናት፣ ጓደኞች አሏት፣ ማተብ አላት። አትቸኩል። ክበቡ ውስጥ ደግሞ ሰምታ የመጣችውን እንድትናገር የሚያስገድዳት የለም። «ያንቺስ ቤተሰብ?» ብሎ በክፍል መካከል የሚጠይቃት መምህር ቢኖር መልሷ «ሸማኔ ነው አባቴ» ይሁን። እውነት ነው፤ የሚያሳፍርም የለበትም፤ ከዚያ ያለፈውን የመጠየቅ መብት የለውም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈው መምህር ይህንን ያነበዋል ብዬ አስባለሁ። ያንተ ከተማ ባይሆንም ዘጠነኛ ክፍል ሐ ብዬ የነገርኩህ ልጅ ይኸው እናቷ ጻፈች።

ጥያቄ፦

ለመምህርት፦ የክበባችን ልጆች የቤተ እስራኤልን የሲግድ በዓል በትምህርት ቤት ሜዳ ማክበር ፈልገናል። ጃንጥላ፣ ነጭ ልብስና መዝሙር አዘጋጅተናል። ቄስ የሚሆነው ልጅም ተመርጧል። ይቻላል?

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

ልጄ፣ ጃንጥላውን ለዝናብ አድርጉት።

ሲግድ ጾምና ጸሎት ነው። ከአይሁዶች የማስተስረያ ቀን በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ውስጥ ይውላል። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ሳይበላ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ከፊት እየቀደሙ ተራራ ይወጣል። እዚያ ኦሪት በግዕዝ ይነበባል፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል፤ ይሰግዳሉ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ይለምናሉ። ከቀትር በኋላ ወርደው ይበላሉ፣ ይጨፍራሉ። ጎንደር አምቦበር አካባቢ እንዲህ ይደረግ ነበር፤ ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ በአርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይሰበሰባል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደንግጎታል።

እንግዲህ ጥምቀትን አስብ። የማያምን ሰው የካህን ልብስ ለብሶ፣ ካርቶን ታቦት ተሸክሞ ሜዳ ላይ ቢዞር ምን ይሰማሃል? ቄስ አትምረጡ። ጸሎቱንም አትጸልዩት። ከፈለጋችሁ ግን ስለ ሲግድ ተማሩበት፤ የኦሪቱ ግዕዝ የኛም ግዕዝ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ጓደኞቻችሁ አንዱ አንድ ምዕራፍ ቢያነብ፣ ይኸው ንባብ በአምቦበር ተራራ ላይም ይሰማ እንደነበር ብትነግሩት ይገርመዋል። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ጋብዙ፤ ጎንደር የኖረ፣ ወይም አዲስ አበባ ካሉት ማኅበረሰቦች በግልጽ የሚናገር። አዳራሹ ውስጥ ወንበር አስቀምጣችሁ አድምጡ፤ ጥያቄዎቻችሁን አስቀድማችሁ ጻፉና ለመምህራችሁ አሳዩ።

ቀኑን ስትወስኑ ቅዳሜ አታድርጉት። እንግዶቻችሁ አይመጡም።